ራዲያተሩና ማንቆርቆሪያው

«ውሃውን ከየት ነው የምትቀጂው?» ተብዬ ከተጠየቅሁ ዓመት አልፎኛል። መልሱን ያኔውኑ ሰጥቻለሁ፤ ጥያቄው ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። የጠየቁኝ ድሬዳዋ ውስጥ ለገሃሬ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ግቢ የሚሠሩ አረጋዊ መካኒክ ናቸው። የተጠየቅሁትም ደንገጎ ላይ ስለፈላችብኝ መኪና ነበር። ስለ መኪና ጥገና ወጪ ሲወራ ዕቃው ተወደደ፣ መካኒኩ አታለለ፣ ሻጩ ደበቀ ሲባል እሰማለሁ፤ እያንዳንዱም ከእውነት የራቀ አይደለም። እኔ ግን እዚህ የምጽፈው ከእነዚህ ሁሉ በፊት ስለሚመጣው፣ በየማለዳው በገዛ እጄ ሳደርገው ስለኖርሁት ነገር ነው።

ደንገጎ ላይ

ሰኔ 2016፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር እኔ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰንብታ ሙቀቱ ስለጠናባት ወደ ሐረር ልመልሳት ተነሣን። መንገዱን የሚመላለስበት ሁሉ ያውቀዋል፤ ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ይወጣና ደንገጎ ሲደርስ 2,000 ሜትር ግድም ይሆናል። ኤሲ ከፍቻለሁ፤ ከኋላ ከቀፊራ ገበያ የገዛነው ማንጎ በማዳበሪያ ተጭኗል፤ ከፊቴ ደግሞ ጭነት የከበደው አይሱዙ በእግር ሰው ፍጥነት ይወጣል። ለመቅደም የሚያስችል ቀጥ ያለ መንገድ ስላልነበረ በሁለተኛ ማርሽ ተከተልሁት።

የሙቀት መለኪያው ቀስት መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ሁልጊዜ ከመካከሉ በእጅጉ ዝቅ ብሎ ነበር የሚተኛው። ይህንን እንደ ጤንነት ምልክት እቆጥረው ነበር፤ «የእኔ መኪና አትሞቅም» ብዬ ለሰው የተናገርሁበትም ጊዜ አለ። ያን ቀን ቀስቱ መጀመሪያ መካከሉ ላይ ደረሰ። ኤሲውን ዘጋሁ። ከሁለት ኩርባ በኋላ ቀዩን መስመር ነካ፤ ወዲያውም ከኮፈኑ ሥር ጢስ የመሰለ እንፋሎት ተነሣ፤ እናቴም «በስመ አብ!» አለች። ዳር ይዤ አቆምሁ። ወርጄ ኮፈኑን ከፍቼ እጄን የሞተሩን ውሃ ወደሚያበርደው ራዲያተር ክዳን ስዘረጋ የአይሱዙው ሾፌር ከላይ ቆሞ እየሮጠ ይወርድ ነበር።

«አቦ እህቴ፣ ክዳኑን እንዳትነኪው!»

ያ ሰው ፊቴንና ዓይኔን አትርፎልኛል። አርባ ደቂቃ ያህል ቆምን። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ ሞተሩ መብረዱን በእጁ ጀርባ ደጋግሞ እየሞከረ ካረጋገጠ በኋላ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ፈታና ከራሱ ጀሪካን ሞላልን። ለክፍያ እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድ ተቆጣኝ።

መመለስ የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። ቁልቁለቱ ሞተሩን ሳያስጨንቅ ድሬዳዋ ያወርደኝ ነበር፤ እናቴንም ከሚያልፉት ሚኒባሶች አንዱ ላይ ላሳፍራት እችል ነበር። ነገር ግን መሸብን አልሁ፣ ዳገቱን ጨርሰነዋል አልሁ፣ ከዚህ ወዲያ ሜዳ ነው አልሁና ቀጠልሁ። ሐረማያን ሳናልፍ ሁለተኛ ፈላች። አወዳይ አጠገብ ሦስተኛ ፈላች። ሐረር የገባነው በጨለማ ነው። በማግስቱ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዝዘው የወጣው ዘይት መልኩ ወተት የገባበት ቡና ይመስል ነበር። ውሃና ዘይት ተደባልቀዋል ማለት ነው፤ በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) እና በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል።

የሚጮኸውና ዝም የሚለው

መኪናዋ እንደ ራቭ ፎርና ቪታራ ካሉት፣ ከመሬት ከፍ ካሉ ትንንሽ የጃፓን መኪኖች አንዷ ናት፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የተመረተች፣ ባለ 2,000 ሲሲ ቤንዚን፣ ማኑዋል ካምቢዮ። ጥቅምት 2016 በ1 ሚሊዮን 850 ሺህ ብር ነው የገዛናት። «ገዛናት» ያልሁት ገንዘቡ በአብዛኛው ወንድሜ እናታችንን እንዳመላልስበት ከውጭ አገር የላከው ስለሆነ ነው፤ የመምህር ደመወዝ እዚያ አያደርስም። ሃያ ዓመት ለሞላት መኪና ይህን ያህል መከፈሉ ለሌላ አገር ሰው ግር ይለው ይሆናል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ከጣለ ወዲህ ግን አሮጌ መኪና እንደገና ወደ አገር መግባቱ ቀረና ቀድሞ የገባው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ዋጋው ይወጣል። ይህ ማለት ደግሞ የምንገዛት እያንዳንዷ መኪና የአራትና የአምስት ሰው ልማድ ተሸክማ ትመጣለች ማለት ነው።

ስገዛ የተቻለኝን ያህል አይቻለሁ። ሊብሬውን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር አመሳክሬአለሁ። ቀለም የተነካካበትን ለማወቅ በማግኔት ዳሰስሁ። መካኒክ ይዤ ሄጄ ሞተሩን አስነሥተን አዳምጠናል። የራዲያተሩን ክዳንም ከፍቼ አይቻለሁ፤ ውስጡ የነበረው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። የጉድጓድ ውሃ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ውስጤ «እንዴት ያለ ንጹሕ ነው» ብሎ ደስ ያለው አሁን ድረስ ትዝ ይለኛል። ራዲያተር ውስጥ ሊኖር የሚገባው አረንጓዴ ወይም ቀይ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) መሆኑን፣ ጥርት ያለ ውሃ መኖሩ ራሱ ምርመራውን የሚያስጀምር ምልክት መሆኑን አላወቅሁም። አብሮኝ የነበረው መካኒክም ምንም አላለም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ስምንት ወራት የሚጮኸውን ሁሉ አሠራሁ። እንዲህ ዓይነት መኪኖች በእኛ መንገድ ላይ በመጀመሪያ የሚያልቅባቸው እግራቸው ነው። የፊት እጆቹ ቦኮላ (የመገጣጠሚያቸው ጎማ) ተበልቶ ጉድጓድ ላይ ጓ ጓ ይል ስለነበር አስቀየርሁ፤ የስታብላይዘሩ ማያያዣ ተከተለ፤ ከዚያ የኋላ ግራ እግር ኩሽኔታ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ፤ በመጨረሻም የሞተሩ ማቀፊያ ጎማ ተሰንጥቆ መኪናዋ ቆማ ስትነሣ መሪው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራቱ ተደምረው 22,500 ብር ወሰዱ። ያኔ ብዙ መስሎኝ ነበር። እነዚህ ግን ሁሉም በድምፅ የሚናገሩ ብልሽቶች ናቸው፤ ጆሮ ያለው ሰው ሳይረፍድ ይደርስባቸዋል። ዝም የሚለው ሌላ ነበር፤ የእሱ ምልክት ጠዋት ጠዋት ውሃው ትንሽ ጎድሎ መገኘቱ ብቻ ነው። ግማሽ ብርጭቆ፣ አንዳንዴ አንድ ብርጭቆ ይጎድላል። እኔም ከግቢያችን ቧንቧ በጆግ ቀድቼ እሞላለሁ። ጎረቤቶቼ ሲያዩኝ «መኪና አያያዝ ታውቃለች» ይሉ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ተረት ለእንዲህ ያለው እንደሆነ አላስተዋልሁም።

ሦስት ዋጋ

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና ወደ ድሬዳዋ ከተመለሰች በኋላ ሦስት ቦታ አሳየኋት። የመጀመሪያው ጋራዥ ጓርኒሲዮኑን ቀይሮ፣ ራዲያተሩን አጥቦ፣ በሁለት ቀን በ45,000 ብር እንደሚያስረክበኝ ነገረኝ። ቴስታታው ስለመጣመሙ ስጠይቀው «ሲታሰር ይስተካከላል» አለኝ። ሁለተኛው ሞተሩ እንዳለቀለትና ያገለገለ ሞተር በ380,000 ብር እንደሚያስመጣልኝ ገለጸ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አስደነገጠኝ። አንድ በሽተኛ በአንድ ሐኪም ዘንድ ጉንፋን፣ በሌላው ዘንድ ካንሰር ሲባል እንደማለት ነበር፤ ሁለቱም ደግሞ ሞተሩን ሳይከፍቱ ነው የተናገሩት።

ሦስተኛው ጋር የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ግቢያቸው የምልክት ሰሌዳ የለውም። በወጣትነታቸው በምድር ባቡሩ መጠገኛ ሥራ የጀመሩ ናቸው። በእኛ አካባቢ ትልቅ ሰውንም «አንተ» ማለት ነውር እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ፊት ለፊት «አባባ፣ አንተ» እያልሁ ነው ያነጋገርኋቸው፤ በጽሑፍ ግን እጄ እንቢ ስለሚል አንቱ እላቸዋለሁ። ዋጋ ስጠይቃቸው አልመለሱም። «ያላየሁትን አልተምንም» አሉና ልጆቹን ራዲያተሩን እንዲያወርዱ አዘዙ።

የተከፈተው ራዲያተር

የዛሬ መኪኖች ራዲያተር መካከሉ አሉሚኒየም ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ በብረቱ ጥርስ ተነክሰው የተያዙ የፕላስቲክ ታንኮች አሉት። ሽማግሌው ራዲያተሩን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጥርሶቹን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ አንድ በአንድ ቀና እያደረጉ የላይኛውን ታንክ ነቀሉት። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ወደ እኔ አዞሩት።

ውሃው የሚያልፍባቸው ጠፍጣፋ ቱቦዎች አፍ እንደ ጥፍር ጠርዝ የቀጠነ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ አፍ አልነበራቸውም። ነጭ፣ አንዳንድ ቦታ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቅርፊት ደፍኗቸዋል። በጣቴ ነካሁት፤ ሻካራ ነው። በጥፍሬ ስቧጥረው ቅጠል ቅጠል እያለ ተነሣ። በግቢው ጥግ ከሰል ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ ተጥዶ ነበር። ሽማግሌው ክዳኑን ከፍተው ከውስጡ ጠርዝ ላይ በካቻቪቴው ጫፍ አንድ ቅርፊት አነሡና ከራዲያተሩ ከወጣው ጎን መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ሁለቱ ልዩነት አልነበራቸውም።

«ውሃውን ከየት ነው የምትቀጂው?»

«ከቧንቧ፣ ከቤት» አልኋቸው።

ከመለስሁ በኋላ ያለው ዝምታ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። እኔ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። የውሃ ክረት የሚለውን፣ ውሃ ስለሚሸከመው ኖራና መሰል ማዕድን የሚያወራውን ትምህርት በየዓመቱ አስተምራለሁ። በውሃ ውስጥ የሟሟ ካልሲየም ባይካርቦኔት ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቆ ወደማይሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት እንደሚለወጥ፣ ይህም በማንቆርቆሪያ ውስጥ ተለጥፎ እንደሚቀር ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ተማሪዎቼን «ከቤታችሁ ምሳሌ አምጡ» እያልሁ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ልጆቹም ሁልጊዜ ማንቆርቆሪያን ይጠቅሳሉ። የድሬዳዋ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ መሆኑን፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችንን የሚመግበው ያው የኖራ ድንጋይ በየታንከራችን ግርጌ ነጭ ሆኖ እንደሚቀመጥ በክፍል ውስጥ እናገራለሁ። ትምህርቴ ግን ከሰሌዳው ወርዶ እስከ ጆጌ አልደረሰም። ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ያደረግሁት ክፍል ውስጥ የማስረዳውን ነገር ነበር፤ ማንቆርቆሪያው የመኪናዬ ሞተር ሆነና አላወቅሁትም።

ነገሩን ካሰብሁት በኋላ የበለጠ ያሳሰበኝ ደግሞ ይህ ነው። አንድ ራዲያተር አንዴ በቧንቧ ውሃ ተሞልቶ ቢታሸግ የሚያመጣው ጉዳት መጠነኛ ነው፤ በውስጡ ያለው ኖራ አንዴ ይወርድና ያበቃል። ጉዳቱን የሚያከፋው በየቀኑ መጨመሩ ነው። ያረጀው ክዳን እንፋሎቱን ያስወጣል፤ እንፋሎት ይዞ የሚወጣው ግን ውሃውን እንጂ ኖራውን አይደለም። ኖራው ይቀራል፤ እኔ ደግሞ በማግስቱ አዲስ ኖራ ያዘለ ውሃ እጨምራለሁ። ቸል ብዬ ቢሆን ኖሮ ውሃው ጎድሎ ቶሎ ትቆምብኝና ቶሎ እደርስበት ነበር። መንከባከቤ ነው ሕመሙን ደብቆ ያሳደገው።

ሽማግሌው አልወቀሱኝም። «ባቡሩ በእንፋሎት ይሄድ በነበረ ጊዜ» አሉኝ፣ «ከእኛ የቀደሙት ሰዎች ዋና ሥራቸው ይህንን ከቦይለር ውስጥ መፈቅፈቅ ነበር። ይህ ውሃ ለሰው ነው እንጂ ለብረት አይሆንም።»

ከዚያ በኋላ ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበትን ቤት ከፍተው አሳዩኝ። ባዶ ነው። ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንዱ «ቆላ ነው፣ አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። ቀስቱ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ የሚተኛው ለዚህ ነበር። በሙቅ አገር ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በመካኒኮቻችን ዘንድ የተለመደ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ቴርሞስታት 82 ዲግሪ ግድም ሲደርስ የሚከፈት በር ነው። ሞተሩ ከዚያ በታች ሲሆን ውሃውን ወደ ራዲያተር አይለቅም፤ ሲሞቅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ስለዚህ ዳገት ላይ ማውጣቱ የሚጨምረው ጥቅም የለም። እንዲያውም በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ አብሮ ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀርና የሞቀው ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሲበዛ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይቆሽሻል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቀስቱ ዝቅ ማለቱ የራዲያተሩን መደፈን ስምንት ወር ደብቆልኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስለ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ክዳኑም እንዲሁ ተራ ቁራጭ አይደለም። ወደ 1 ባር ግድም ግፊት እንዲይዝ ነው የተሠራው፤ ግፊቱ ሲኖር ውሃው ቶሎ አይፈላም። ድሬዳዋ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 96 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ደንገጎ ላይ 93 ዲግሪ ይበቃዋል። የደህና ሞተር የሥራ ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ክዳኑ ግፊት መያዝ ሲያቅተው ዳገቱ ሞተሩን ከማስጨነቁም በላይ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ራሱ ወደ ታች ያወርደዋል። ሽማግሌው ይህንን በቁጥር አልነገሩኝም፤ «ሾፌር ሁሉ ደንገጎን የሚረግመው በከንቱ ነው፤ መርገም ያለበት ክዳኑን ነው» ነው ያሉኝ። ቁጥሩን ማታ ቤቴ አሰላሁት።

ሊትመስ

ቴስታታው ሲወርድ ሽማግሌው ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድመውበት ከሥሩ ስስ የመለኪያ ቅጠሎችን እየቀያየሩ አሳለፉ። 0.20 ሚሊ ሜትሩ አለፈ። ለእንዲህ ያለው ቴስታታ የሚፈቀደው ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። «ሲታሰር ይስተካከላል» የተባለው ይህ ነበር። ብሎኖቹ ሲፈቱ ደግሞ ሁለቱ በጥርሳቸው መካከል የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ጭረት ይዘው ወጡ፤ ብሎኩ አሉሚኒየም ነው፤ በሙቀት ብዛት ጥርሱ ተበልቷል። እንዲሁ ቢታሰር ኖሮ አዲሱም ጓርኒሲዮን ከጥቂት ወር በላይ ባልቆየ ነበር። ቴስታታው ለመታረስ፣ ብሎኩም በሁለቱ ቀዳዳዎች የብረት ጥርስ እንዲገባለት ብረት ወደሚታረስበት ቶርኖ ቤት ሄደ።

ሲመለስ የብሎኩ የውሃ መሄጃዎች ውስጥ ያለው ኖራ ቀረ። ብሎክ እንደ ራዲያተር ተከፍቶ አይፈቀፈቅም። ከልጆቹ አንዱ የባትሪ አሲድ ሐሳብ አቀረበ፤ ሽማግሌው ተቆጡ፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። እኔ ሲትሪክ አሲድ ብንሞክርስ አልሁ። ሎሚ ውስጥ ያለው ነው፤ ለስለስ ያለ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔትን ግን ያሟሟል። ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝና «ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» አሉ።

በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ 50 ግራም መዝኜ በጠበጥሁ። ሲፈስበት ከብሎኩ ውስጥ ስስ የመፍላት ድምፅ ተሰማ፤ አረፋ ወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የወጣው ፈሳሽ የደፈረሰ አጥሚት ይመስል ነበር። ከዚያ በተጣራ ውሃ እያጠብን በየዙሩ አሲድ ሲነካው የሚቀላውን ሰማያዊ የሊትመስ ወረቀት ነከርሁበት፤ በመጀመሪያ ቀላ፤ ሁለተኛም ቀላ፤ በአምስተኛው ዙር ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሽማግሌው ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩትና ስሙን ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። አንድ ጥቅል ትቼላቸው ሄድሁ።

ሂሳቡ

ቴስታታው ከቶርኖ ቤት የተመለሰው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ሙሉ የጓርኒሲዮን ስብስብ 12,000 ብር እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ ወንድሜ ገንዘብ እስኪልክ ቆየሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በዚያ ሳምንት ወደ ዕቃ ሱቁ ስመለስ ሻጩ ዋጋ ለመጥራት እንኳ አመነታ። በኋላ ያንኑ ዕቃ፣ ከዚያው መደርደሪያ፣ በ17,500 ብር ገዛሁት።

ጠቅላላው ጥገና 106,000 ብር ወጣ። አዲስ ራዲያተር 21,000፣ የእጅ ሥራ 22,000፣ የቶርኖ ቤቱ ሁለት ሥራዎች 15,000፤ የቀረው የውሃ ፓምፑ፣ አዲሶቹ የቴስታታ ብሎኖች፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ዘይቱ፣ ቴርሞስታቱ፣ ክዳኑና ኩላንቱ ናቸው። ከአሥር ወር ደመወዜ ጋር ይቀራረባል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቴርሞስታቱና ክዳኑ አንድ ላይ የወሰዱት 3,700 ብር ነው፤ ኩላንቱ ደግሞ 5,600 ብር። ደረሰኞቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ስመለከት ዓይኔ የሚመለሰው ወደ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንን ነው፤ ቅጠሉ ከአሥር ሺህ ብር በታች ነበር።

ሽማግሌውን ደንገጎ ላይ ብመለስ ኖሮ ምን ያህል እከፍል እንደነበር ጠይቄአቸዋለሁ። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ፤ በመጀመሪያው መፍላት ላይ ራዲያተርና ክዳን፣ በሁለተኛው ጓርኒሲዮን፣ በሦስተኛው ቴስታታና የብሎኩ ጥርስ። መቁጠራቸው በትክክል እንደዚያ መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ቢሆንም ሐረማያን ባለፍሁ ቁጥር እቆጥረዋለሁ።

ስለ ሻጩም አስቤበታለሁ። ስልኩ እስካሁን አለኝ፤ ያን ሰሞን ልደውል ብዬ ሁለት ጊዜ አውጥቼዋለሁ። ቴርሞስታቱን ያወጣው እሱ ይሁን ወይም ከእሱ በፊት የነበረው አይታወቅም። እሱም እንደ እኔ በየጠዋቱ ጆግ ይዞ ይወጣ የነበረ፣ ጎረቤት «አያያዝ ያውቃል» የሚለው ሰው ሊሆን ይችላል። አልደወልሁም።

ሰባት ጠርሙስ

ብሎኩ ውስጥ የቀረ ኖራ እንዳለ ሽማግሌው አስጠንቅቀውኛል። በየሁለት ወሩ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከራዲያተሩ ጥቂት ኩላንት ቀድቼ በጠርሙስ እንድይዝ፣ አንድ ሌሊት አሳድሬ ግርጌውን እንድመለከት ነገሩኝ። የቀዳሁትንም ከዚያው ዓይነት በተዘጋጀ ኩላንት እተካለሁ፤ ከቧንቧ ጠብታ አላስጠጋሁም። የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ከነቀናቸው መስኮቴ ላይ ደርድሬ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አሳይቻቸዋለሁ፤ ከራዲያተሩ ቅርፊት ጋር፣ ከእናቴ ቤት ካመጣሁት የማንቆርቆሪያ ቅርፊት ጋር። አንዲት ተማሪዬ የሐረሩ ከድሬዳዋው ስስ መሆኑን አስተዋለችና ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከሁለቱም ከተሞች ውሃ ቀድተን ለመለካት ቀጠሮ ይዘናል።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደውሎ የመኪና ዋጋ ስለጨመረ ብንሸጣትና ሌላ ብንገዛስ አለኝ። ሰባተኛው ጠርሙስ ግርጌ ላይ አሁንም እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር አለ። እሱ እስኪጠፋ እንቆይ አልሁት። ገዥ ከመጣም ጠርሙሶቹን ከሊብሬው ጋር አብሬ እንደማሳየው ነገርሁት። ትንሽ ዝም አለና እናታችን መቼ ወደ ድሬዳዋ እንደምትወርድ ጠየቀኝ።